የማይንሳፈፈው ፈሳሽ

መስከረም 18

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

አገር አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ሰላምታዬ በጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ትሰድባለች እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ላውንደሪውም እንደ አባታችን ዘመን ነው፤ ሰው ቆሻሻውን ይዞልን ይመጣል፣ ንጹሑን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ኮቱን ረስቶት ይቀራል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። ስደውልልሽ እማዬ ከጎኔ አትጠፋም፤ አንቺ መሆንሽን ካወቀች ደግሞ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች። እሷ ባትሰማው የምመርጠው ነገር ስለሆነ በወረቀት ይሁን አልኩ።

ከእኛ በታች ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች የሚቀዱበት የውሃ ጉድጓድ ተዘጋ። ከውሃ ቢሮ መጥተው በጠርሙስ ናሙና ወሰዱ፤ በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑን በሰንሰለት ቆለፉት። አሁን ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ እስኪደርሰው ሥራው ሐሜት ሆኗል። ውሃው ጣፈጥ ጣፈጥ ይል እንደነበር አሁን ነው ሁሉም የሚያስታውሰው። መርዙ ከየት መጣ ሲባል ጣቱ ሁሉ የተቀሰረው ወደ ጋሽ ብሎን ጋራዥ ነው። ከግድግዳችን ማዶ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘይትና ቤንዚን የጠጣ ግቢ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ቢሮው አንድ ማሽን አምጥቶ ጋራዡ ውስጥ ተክሏል። ግቢው አምስት ቦታ ተቆፍሮ ቱቦ ተቀብሯል፤ ቱቦዎቹ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ተያይዘዋል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ያቃስታል። ከአፈሩ ውስጥ አየር ይስባል አሉን። የምትቆጣጠረው ኢንጂነር ወጣት ናት፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል፤ ለሰላምታ እንኳ የምትመልሰው አስባበት ነው።

አንቺ ደግሞ የተማርሽውም የምትሠሪውም ይሄንኑ ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል። ቢሮው ጥፋተኛውን የሚለየው የካቲት 28 ነው፤ የተፈረደበት ሰው ይዘጋል፣ ጽዳቱንም ይሸከማል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ላኪልን። «እንዲህ ዓይነት ብክለት ከጋራዥ የሚመጣ ነው» የሚል ይበቃል። ለአንቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እማዬ ስለዚህ ነገር ብትጠይቅሽ ምንም አትበያት፤ ትጨነቃለች።

ወንድምሽ ካውያው


ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለካውያው፤

ጤናና ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አትሳደቢው፣ ብዙ ተሸክሟል በልልኝ።

የምጽፍልህ ከሥራ ቦታችን ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ግቢው ድሮ ብረታ ብረት ይቀልጥበት ነበር፤ አሁን መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ነው፤ እኛ ከሥሩ ያለውን መሳብ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ስትለኝ ሳቄ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ድፍን አይደለም፤ በጠጠሩና በአሸዋው መሀል አየር አለ። ቶሎ የሚተን ነገር ሲፈስበት ግማሹ እዚያ አየር ውስጥ ይገባል። ቱቦው ጎኑ እንደ ወንፊት የተበሳ ነው፤ ፓምፑ አየሩን ሲስብ መርዙ አብሮ ይወጣና ከሰል በሞላ በርሜል ውስጥ ያልፋል፤ ከሰሉ መርዙን ያስቀረዋል። ወደ ውሃው የገባውን ለማውጣት ደግሞ ቀጭን ቱቦ እስከ ውሃው ድረስ ይወርድና ውሃውንም አየሩንም አንድ ላይ ይመጥጣል። ማሽኑ ያለውን ያወጣል እንጂ ማን እንዳፈሰሰው አይናገርም። ያንን የሚናገረው ልኬቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቤንዚንና ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። የማይንሳፈፍም አለ፤ ከውሃ ስለሚከብድ ሰምጦ ታች ይተኛል። ጣፈጥ የሚለው ይሄኛው ነው። ቤንዚን ጣፈጠኝ ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?

ስለዚህ ከማኅተሙ በፊት መልስልኝ። አምስቱ ቱቦዎች እያንዳንዳቸው ስንት ያነባሉ? ኢንጂነሯ ያገኘችው ፈሳሽ ስሙ ምንድን ነው? የእኛ የደረቅ እጥበት ማሽን ሲጠረግ ከሥሩ የሚወጣው ዝቃጭ የት ነው የሚሄደው? እማዬንም ሐኪም ቤት ወስደህ ጉበቷንና ኩላሊቷን አስመርምርልኝ።

ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት «ግቢው ጠበበን፤ ጋሽ ብሎን ግማሹን በለቀቁልን» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጋሽ ብሎን ይዘጉ ትለኛለህ። አባታችን የሞተ ሳምንት ተሰብሮ የቆመውን ማሽን ሁለት ቀን ተኝተውበት በነጻ የጠገኑልን ሰው ናቸው። ስለማላምንህ አይደለም የምጠይቅህ። ግን መልስልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለእህቴ፤

ቸር ወሬ ያሰማን። የደብዳቤሽ ሰላምታ ሁለት መስመር፣ ምርመራው ሁለት ገጽ ነው። እዚያ የቀጠረሽ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?

የጋሽ ብሎንን ግቢ የተመኘሁት መጋዘን ጠቦኝ ነው። ሰው የጎረቤቱን ግቢ ስለተመኘ ጎረቤቱን ያስራል ማለት ነው? ከአንቺ አልጠበቅኩም።

ቁጥሮቹን ከኢንጂነሯ ሰሌዳ ላይ ገልብጫለሁ፤ የኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ በሳምንት ሁለቴ ገብቼ እንዳይ ተፈቅዶልኛል። የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 210፣ አምስተኛው 240። የምን ቁጥር እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። የፈሳሹን ስም አላነበብኩትም፤ ረጅም ነው። ዝቃጩን በየወሩ ድርጅት መጥቶ በበርሜል ይወስደዋል፤ ደረሰኙ መሳቢያ ውስጥ አለ። እማዬ «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? በሽታ ሊጠይቅ?» ብላ እምቢ አለች።

እስካሁን አርባ አራት ሰው ፈርሟል። ጋሽ ብሎን ከአራቱ መካኒኮቻቸው ሁለቱን አሰናብተዋል፤ መኪና የሚያስገባ ሰው ጠፋ። ትናንት በበራቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንተም ፈረምክ አሉ» አሉኝ።

«ኮሚቴው ነው፣ ጋሼ።»

«ኮሚቴው አንተ አይደለህም እንዴ?»

መንገዴን ቀጠልኩ። ሰው ሲያዝንብሽ ደስ አይልም፣ ግን አሥራ አንድ ቤት ሙሉ ሰው አለ። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ኩላሊቷን ታማለች። ከውሃው ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም፤ እማዬ በየሁለት ቀኑ ልትጠይቃት ትሄዳለች። ወረቀቱን ቶሎ ላኪው።

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ። ለልብስ ሰፊዋም ምሕረቱን ያውርድላት።

አራተኛው ቱቦ የት ሄደ?

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ይላል። አንተ ገና በልጅነትህ የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥረህ አንዱ ከጎደለ ደንበኛውን እመንገድ ድረስ ተከትለህ የምትጠይቅ ሰው ነህ። ካውያው ያልንህም የተጨማደደ ነገር አይተህ ማለፍ ስለማትችል ነው። አንድ ቱቦ ዘለልክ ብዬ አላምንም።

በላክህልኝ ቁጥር ብቻ እንኳ የሚታይ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቱቦ የተተከለው ጋሽ ብሎን ዘይት በሚቀይሩበት ጉድጓድ አጠገብ ነው አይደል? አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚጀመረው። እሱ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ እየራቁ ሲሄዱ ቁጥሩ፣ ማለት አየሩ ውስጥ ያለው መርዝ፣ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። ወደ የትኛው ግድግዳ እንደሚጨምር እኔ ልንገርህ ወይስ አንተ ትነግረኛለህ?

ደረሰኝ አለኝ ብለሃል። ከመቼ ጀምሮ ያለ ደረሰኝ ነው? የመጀመሪያውን ቀን ጻፍልኝ። ያ ድርጅት ከመምጣቱ በፊትስ ማን ነበር የሚወስደው?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የምትደብቀኝ ነገር ካለ ከሌላ ሰው ከምሰማው ከአንተ ብሰማው ይሻለኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

ለእህቴ፤

ሰላም ነሽ? እኛ አለን።

አራተኛው ቱቦ ተደፍኗል፤ ኢንጂነሯ ራሷ ናት ያለችው። ስለዚህ ቁጥር የለውም። በቃ፣ ይሄው ነው ምስጢሩ።

ወረቀቱን ተዪው፤ ከአንቺ ወረቀት ለማግኘት ከመንግሥት መሬት ማግኘት ይቀላል። አሁን ኮሚቴው የሚፈልገው ሌላ ነው። ማሽኑ ሦስት ወር ስቧል፤ ሰዉም ጩኸቱ ሰልችቶታል። «ይህን ያህል ከተሳበ በቂ ነው፤ ሊነሳ ይችላል» የሚል አጭር ደብዳቤ ለቢሮው ብትጽፊ ጋሽ ብሎንም ያርፋሉ፣ እኛም እናርፋለን። ለእሳቸው አዝነሽ አልነበር? ይኸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ እስከ ዛሬ አንቺ ብቻ ነሽ የጠየቅሽው። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ደረሰኙ፣ ስለ እማዬ ጉበት ይህን ሁሉ የምትመረምሪው ለምንድን ነው? ቤቱ ተበክሏል ከተባለ ዋጋው ወድቆ ይሸጣል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልረገጥሽው ቤት ነው፤ ላንቺ ቢሸጥም ባይሸጥም ምን ይቀርብሻል? እኔና እማዬ ግን የምንተኛው እዚህ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ቀን ይድረስህ።

ቤቱን በተመለከተ የጻፍከውን አልመልስልህም። አንድ ቀን አንብበህ ታፍርበታለህ።

ከጀርባህ አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ከሌላ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ለኢንጂነሯ ጻፍኩላት። እህትህ መሆኔን አልነገርኳትም። በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ ማሽናችሁ ሰምቼ ነው ብዬ ልኬቱን ለመንኳት። ልጅቱ የዋህ ናት፤ ሠንጠረዡን በሙሉ ላከችልኝ።

አራተኛው ቱቦ ከእኛ ግድግዳ ሁለት ክንድ ላይ ነው። ሥራ የጀመረ ሳምንት 1900 ያነብ ነበር። ፈሳሹም ከሥር የተኛ እንጂ የሚንሳፈፍ አይደለም። የምንጠቀምበት የደረቅ እጥበት ፈሳሽ ነው፣ ካውያው። ቤንዚን አይደለም።

ከጥቅምት 14 ጀምሮ ደግሞ በቱቦው አናት ላይ ያለው፣ የመሳቡን ኃይል የሚለካው ጌጅ ዜሮ ነው። ኢንጂነሯ ልምዱ ገና ስለሆነ ተደፍኖ ነው ብላ ጽፋለች። ቱቦ ቢደፈን ፓምፑ እየታገለ ጌጁ ከፍ ይላል እንጂ ዜሮ አይወርድም። ዜሮ የሚሆነው በፓምፑና በቱቦው መሀል ያለውን ቫልቭ ሰው በእጁ ሲዘጋው ነው። በሳምንት ሁለቴ እዚያ ግቢ የሚገባውን አንድ ሰው አውቃለሁ።

ለድርጅቱ መስጠቱን ትተህ ወደ ጓሮ መድፋት የጀመርከው መቼ ነው? ወጪ ለመቆጠብ ነው? ሰነፍክ? ጋሽ ብሎን ቤታቸውን እየዘጉልህ አንተ ፊርማ ታሰባስባለህ?

ስለ ግድግዳችን እስካሁን ለኢንጂነሯ አልነገርኳትም። እስከ ጥር መጨረሻ መልስህን እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀውን እጽፍላታለሁ።

እህትህ


ጥር 28

ይድረስ ለእህቴ፤

በጤናሽ ቆይተሽ ይህን አንብቢ። የዘገየሁት መልስ አጥቼ ሳይሆን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄ ነው።

ቫልቩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጓሮ የደፋሁት ግን እኔ አይደለሁም።

ማሽኑን ሊተክሉ ሲቆፍሩ እማዬ በጓሮው መስኮት ቆማ ታያቸው ነበር። እኔ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። «እነዚህ ሰዎች ግድግዳ ተሳስተዋል» አለች።

«ምኑን ነው የተሳሳቱት?»

«የማሽኑን መድኃኒት ከሆነ የሚፈልጉት እኔ በባልዲ የምደፋው በዚህ በኩል ነበር፤ ከቆርቆሮው ሥር።»

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስቼው እጅጌው ተቃጠለ። መቼ ነው የምትደፊው አልኳት። አሮጌው ማሽን ከገባበት ቀን ጀምሮ አዲሱ እስኪተካው ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማሽኑ ሲጠረግ። አባታችን «ፀሐይ ይበላዋል» ብሏት ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት። ድርጅቱ መምጣት የጀመረው ከአዲሱ ማሽን ጋር ነው፤ ደረሰኙ ውሸት አይደለም፣ ግን የስድስት ዓመት ብቻ ነው።

እማዬ ምን እንዳደረገች አታውቅም። «ስለ ባልዲው ለማንም አትናገሪ፤ እነዚህ ሰዎች ነገር ፈላጊ ናቸው» አልኳት፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ልብስ ሰፊዋን ልትጠይቅ ትሄድና ስትመለስ «ያ ጋሽ ብሎን ግን እንዴት ይህን ያህል ሰው ሳያስብ ያፈሳል» ትለኛለች። እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ቧንቧ እስኪገባልን ድረስ እኛም የጠጣነው ከዚያው ጉድጓድ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሐኪም ቤት ያልወሰድኳት እምቢ ስላለች አይደለም፤ አንዴም አልጠየቅኳትም። ሐኪሙ «ምን ነክተሻል፣ ምን ጠጥተሻል» ሲላት እንዳትናገር ፈርቼ ነው።

ፊርማ ማሰባሰብ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሰዉ ወደ ጋራዡ ካየ ወደ እኛ አያይም አልኩ። ከዚያ ኢንጂነሯ አራተኛው ቱቦ ላይ ቆማ ግድግዳችንን ስታይ አየኋት። በማግስቱ ገብቼ ዘጋሁት። የሞተ ሰው ቢሆን ኖሮ አውጥቼ እናገር ነበር። እሷ ግን አለች፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከወዲያ ማዶ ሸሚዝ ታጥፋለች። ምን ላድርግ? ሄጄ እናቴን ልክሰስ?

ስለ ቤቱ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ።

ካውያው


የካቲት 13

ለወንድሜ፤

ሰላሙን ለሁላችሁም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የታዘብኩት ራሴን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህሩ አንድ ብልቃጥ ከፍተው እንድናሸተው ሰጡን፤ ተጠንቀቁ፣ ከሩቁ ብቻ አሉ። የእማዬ ሻሽ ሽታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አቅፋኝ የምሸተው ሽታ። ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣ ወይም ማወቅ እችል ነበር። ይህን ሙያ ይዤ የማላውቀውን የሰው ግቢ ሁሉ ስቆፍር፣ «እማዬ፣ ያንን የት ነበር የምትደፊው?» ብዬ አንዲት መስመር አልጻፍኩላትም።

መስከረም ላይ ውሃው ጣፈጥ ይላል ስትለኝ ወዲያው ገባኝ። አንተን መጠርጠር ቀለለኝ። አዲስ ጥፋት ቢሆን፣ የአንተ ቢሆን፣ ተቆጥቼህ እገላገል ነበር።

አሁን የምልህን አድርግ። ቫልቩን ዛሬ ክፈተው። ከ28 በፊት ኢንጂነሯ ዘንድ ሂድና ምንጩ ላውንደሪው መሆኑን ንገራት። ያደረገው አባታችን ነው በል። እሱን ማንም አይጠይቀውም። የእማዬን ስም አታንሳ። እኔ ግንቦት ላይ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ለእሷ ቁጭ ብዬ የምነግራት እኔ ነኝ። እስከዚያ ይህን ደብዳቤ ደብቀው።

ልጅሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ ለእማዬ የምጽፍ መስሎኝ። እህትህ።


መጋቢት 20

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ የምነግርሽም ብዙ ስለሆነ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ደብዳቤሽ የመጣው የሆቴሉን አንሶላ ላደርስ የወጣሁ ጊዜ ነው። ስመለስ እማዬ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፖስታው ተከፍቷል። ያለፉትም ሁሉ ከመሳቢያ ወጥተው በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ ቫልቭ የምትሉት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሚሰምጠውንም፣ ጉድጓዱንም። አላለቀሰችም። ልብስ ሰፊዋ ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀችኝ፤ ታውቃለች እኮ፣ ሦስት ናቸው። ከዚያ «በአባታችሁ ልታላክኩ ነው?» አለች። «እሱ አንድ ቀን እንኳ ባልዲ አንስቶ አያውቅም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእምዬን ወደ አብዬ ግን እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት። ጫማዬን አምጣ።»

ጋሽ ብሎን ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ላይ አጎንብሰው ነበር። እማዬ ከኋላቸው ቆማ፣ «ይህን ማሽን ወደ እኔ ግቢ አዙሩት፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ቀልድ መሰላቸው። ፊቷን ሲያዩ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ደጋግመው ጠረጉት። ከዚያ እኔን ነው ያዩት።

«አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ቱቦው የገባ ቀን።»

«ፊርማውን ስታሰባስብ ታውቅ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጨርቁን አስቀመጡ። ለእማዬ ወንበር አወጡላት፤ እኔን እዚያው አቁመው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሄጄ ቫልቩን ከፈትኩት። ጌጁ ሲነሳ አየሁት።

ቢሮ የሄድነው በማግስቱ፣ የካቲት 28 ሳይደርስ ነው። ኢንጂነሯ ቁጥሩን ሁሉ ከጻፈች በኋላ መነጽሯን አውልቃ፣ «የዋህ ናት ብላ የጻፈችው እህትህ ናት?» አለችኝ። እማዬ ናት ያነበበችላት፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በቦርሳዋ ይዛቸው ነበር።

ጋራዡ አልተዘጋም። የእኛ ደረቅ እጥበት ማሽን ታሽጓል፤ የቀረን በውሃ ማጠብና መተኮስ ነው። ጓሯችን ውስጥ ሁለት ቱቦ ተተክሏል፤ አንደኛው አንቺ የነገርሽኝ ዓይነት ነው፣ ቀጭን ሆኖ እስከ ውሃው የሚወርድ፤ ውሃና አየሩን አንድ ላይ ሲመጥጥ የሕፃን ጡጦ ይመስላል ድምፁ። የመጀመሪያ ቀን 3100 አነበበ። አራት ዓመት ሊፈጅ ይችላል ተብሏል፤ ወጪውን ከቢሮው ጋር ተካፍለን ነው የምንከፍለው። ከኮሚቴው አስወጥተውኛል። ከታች ካሉት ቤቶች ዘጠኙ ልብሳቸውን ወስደዋል። ከልብስ ሰፊዋ በር እማዬ ሁለት ቀን ተመለሰች፤ በሦስተኛው ከፈቱላት። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም።

የእማዬ ጉበት ደህና ነው ተብሏል፤ በስድስት ወሩ ይደገም ብለዋል። ጋሽ ብሎን ከተሰናበቱት መካኒኮች አንዱን መልሰዋል፤ ሌላው ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ጠዋት በግድግዳው ላይ እማዬን «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። እኔ ብቻዬን ስሆን አያዩኝም። አልፈርድባቸውም።

እማዬ ከሥር የምትጽፈው አለኝ ብላ ወረቀቱን ልትነጥቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

ወንድምሽ ካውያው


ልጄ፤

በግንቦት ነይ። ግን እኔን ቁጭ አድርገሽ የምትነግሪኝ ነገር የለም፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አጻጻፍሽ አምሯል፣ ቁጣሽ ግን የአባትሽ ነው።

ኢንጂነሯ ስንት ሊትር እንደደፋሁ ስትጠይቀኝ ወንድምሽ በግምት ሊመልስላት ሞከረ። እሱ ምን ያውቃል? ባልዲው አሥራ ሁለት ሊትር ይይዛል፤ ከግማሽ በላይ አልሞላውም ነበር፤ እግሬ ላይ ሲፈናጠቅ ያቃጥለኛል። ቅዳሜ ያልደፋሁት አንቺን የወለድኩ ወርና እሱን የወለድኩ ወር ብቻ ነው። ይህን ለሒሳብሽ ያዢው።

ከእንግዲህ ማወቅ የምትፈልጊው ነገር ካለ ለእኔ ጻፊ። እሱ አዘነልኝ፤ አንቺም አዘንሽልኝ፤ በመሀል ሰውዬው አምስት ወር ተሰደቡ።

እናትሽ